ሸራፋ ቢላን ማዳን፦ መጀመሪያ ቅርጽ፣ ከዚያ ስለት

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ወጥተን ስንመለስ፣ የእናቴን የወጥ ቤት ቢላ ያገኘሁት ጓሮ ጭቃ ላይ ወድቆ ነው። ጫፉ ተሰብሯል። አፉ ሦስት ቦታ ላይ ተሸርፏል፤ እንጨት እንደተፈለጠበት ያስታውቃል። እጀታውን ባንድ ጎኑ እሳት ነክቶት ከስሏል። ዝገቱማ አይወራም። እናቴ አየችውና "ተወው ልጄ፣ ጣለው" አለችኝ። ያ ቢላ ግን ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። አልጣልኩትም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዛሬም ሽንኩርቷን የምትከትፈው በሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ቢላ ወደኔ መምጣት ጀመረ። በተለይ አረፋ ሲቃረብና የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲል ይበዛል። የየቤቱን ቢላ በየራሱ ጨርቅ ጠቅልዬ ለየብቻ አስቀምጣለሁ። የእርድ ቢላ ከሆነ ደግሞ በደንብ እጠነቀቃለሁ። በእስልምና እንስሳው እንዳይሠቃይ ቢላው አስቀድሞ መሳል አለበት፤ እሱም እንስሳው እያየ አይሳልም። ስለዚህ የአረፋ ቢላ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ማለቅ አለበት።

ቢላ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚለኝ ያው ነው፤ "ሳልልኝ"። የተሸረፈን ቢላ ግን ዝም ብሎ መሳል ድካም ነው። ዙሪያው ይሳላል፣ ሽርፉ እዚያው ይቀራል። ሥጋ ሲቆረጥ ጅማቱ እዚያ ሽርፍ ውስጥ ይገባና ቢላው ይይዛል። ሰውየው ኃይል ይጨምራል። ያን ጊዜ ነው ቢላ የሚያመልጠውና እጅ የሚቆረጠው። መጀመሪያ ቅርጹ ይመለስ፤ ስለቱ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ይህንን ቅደም ተከተል ይከተላል።

ምን ያስፈልጋል?

ብዙ አያስፈልግም። ሁለት ገጽ ያለው የመሳያ ድንጋይ፣ አንድ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ማርከር፣ ውሃ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ። የድንጋዩ ሸካራ ገጽ ቁጥሩ ከ120 እስከ 400፣ ለስላሳው ገጽ 800 ወይም 1000 ቢሆን ጥሩ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድንጋዩ ብረቱን ቶሎ ይበላል፤ በበዛ መጠን ያለሰልሳል።

ድንጋይ ካጣችሁ አብሽሩ፤ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን፣ የመኪና ቀለም ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ግዙ። 120፣ 240፣ 400፣ 1000 ካገኛችሁ ሥራው ሁሉ ያልቃል። ወረቀቱን አርጥባችሁ ወፍራም መስታወት ወይም የወለል ሴራሚክ ቁራጭ ላይ ዘርጉት። ሜዳ ስለሆነ ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ወረቀት ላይ ስትስሉ ቢላውን ሁልጊዜ ወደ ጀርባው አቅጣጫ ሳቡት። ወደ አፉ ከገፋችሁት ወረቀቱን ይቀደዋል።

ድሮ ሰው ከቦርከና ወንዝ ዳር ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ መርጦ ይስል ነበር። ገጠር ያለ ዘመዴ ዛሬም ማጭዱን የሚስለው በእንደዚያ ያለ ድንጋይ ነው። ለማጭድና ለመጥረቢያ ይሆናል። ለወጥ ቤት ቢላ ግን የድንጋዩ ገጽ ሜዳ መሆን አለበት። መሐሉ የሰረጎደ ድንጋይ የቢላውን አፍ ያጎብጠዋል። የገዛችሁት ድንጋይም ቢሆን በጊዜ ብዛት ይሰረጉዳል። ያኔ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጥቂት አሸዋና ውሃ ጨምራችሁ ፈትጉት። ቀድሞ በእርሳስ መስመር አስምሩበት፤ መስመሩ ሁሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ሜዳ ሆኗል ማለት ነው።

ቢላውን መርምሩ

ቢላውን እጠቡትና አድርቁት። ከዚያ መስኮት አጠገብ ቁሙ። አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከእጀታው እስከ ጫፉ ብርሃኑን ተከተሉ። ስል የሆነ አፍ ብርሃን አይመልስም፤ በጣም ቀጭን ስለሆነ አይታይም። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ጋ ወይ ዶልዱሟል ወይ ተሸርፏል። እያንዳንዱን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ስንጥቅ ፈልጉ። ዘይት ቀቡትና በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ጥቂት ቆይቶ ዘይቱ ከስንጥቅ ውስጥ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ስንጥቁ አፉ ላይ ብቻ ከሆነና ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ካልበለጠ እንደ ሽርፍ ቆጥራችሁ ታነሱታላችሁ። ወደ ጀርባው የሚወጣ ረጅም ስንጥቅ ካለ ግን ያንን ቢላ አትጠግኑት። ሥጋ ላይ እያላችሁ ይሰበራል።

የብረቱንም ዓይነት እወቁ። ሎሚ ወይም ሽንኩርት ነክቶት ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ ካርቦን ብረት ነው። አገር ውስጥ በእጅ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጡ ናቸው፤ እነሱም እንደዚያው ናቸው። ቶሎ ይዝጋሉ፣ ግን ጥሩ ስለት ያወጣሉ። የማይዝገው ደግሞ ክሮም የተጨመረበት ነው። ከዚያ ሞረዱን ቢላው ጀርባ ላይ በቀስታ ሞክሩት። ሞረዱ ከያዘና ብናኝ ካወጣ ቢላው ለስለስ ያለ ነው፣ በሞረድ ይሠራል። እንደ መስታወት ከተንሸራተተ ጠንካራ ብረት ነውና ሞረዳችሁን አታበላሹ፤ ድንጋይ ብቻ ተጠቀሙ።

ዝገቱን አንሱ

ቀላል ዝገት በሎሚ ግማሽና በተነፋ አመድ ይለቃል። ጠንከር ያለ ከሆነ በኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ በሽቦ እሹት። ሌሊቱን ሙሉ አትተዉት፤ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል። ሲያልቅ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ። ዝገቱ የቆፈረው ጉድጓድ ጎኑ ላይ ከሆነ ይኑር፤ መቁረጥ አይከለክልም። አፉ ላይ ከሆነ ግን እንደ ሽርፍ ይታያል።

የተጣመመ ከሆነ አቃኑት

አፉን በጨርቅ ጠቅልሉ። ሁለት ጣውላዎች መሐል ክፍተት ትታችሁ ቢላውን በላያቸው አጋድሙት፣ ጉብጠቱ ወደ ላይ ይሁን። በመዳፍ ቀስ እያላችሁ ተጫኑ። ትንሽ ተጫኑ፣ አንሱና እዩ፣ እንደገና ተጫኑ። በመዶሻ አትምቱት። እሳት ላይም አታሙቁት። ሞረድ የማይዘው ጠንካራ ቢላ ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩ፤ ጧ ብሎ ይሰበራል። ይህንን ከመሳል በፊት ጨርሱ። የጎበጠ ቢላ ድንጋይ ላይ እኩል አይቀመጥም።

ሽርፉን ማንሳት

ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህንን ነው። ሽርፍ አይሞላም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የቀረውን አፍ ሽርፉ እስካለበት ድረስ ዝቅ ማድረግ። ጥልቁ ሽርፍ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቢላው በሙሉ 2 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጥሩ ብረት ሲበላ ማየት ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ሽርፉ ያለበትን ቦታ ብቻ ከፈተጋችሁ አፉ እዚያ ጋ ይሰረጉዳል። የሰረጎደ አፍ ደግሞ መክተፊያው ላይ ስለማያርፍ ሽንኩርቱ ሳይቆረጥ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ይቀራል።

መጀመሪያ በማርከር አዲሱን የአፍ መስመር ጎኑ ላይ አስምሩ። መስመሩ ከጥልቁ ሽርፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ይለፍ፤ የድሮውን የቢላ ቅርጽም ይከተል። ወደ ጫፉ ሲደርስ ሽቅብ የሚታጠፍ ከሆነ መስመራችሁም ይታጠፍ። ከዚያ ሸካራውን ድንጋይ አርጥቡ። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ እንዳይንሸራተት። ቢላውን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ድንጋዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ፈትጉት። አዎ፣ አፉን ራሱን። ቢላውን ሆን ብላችሁ ታዶለዱሙታላችሁ። እናቴ መጀመሪያ ስታየኝ "ምን እያደረግህ ነው?" ብላ ጮኻለች።

ድንጋዩ መሐል ላይ ብቻ አትፈትጉ፤ ቦይ ይሠራበታል። ገጹን ሁሉ አዳርሱ። ቢላው ጎበጥ ያለ አፍ ካለው እየፈተጋችሁ እጀታውን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉት፣ ጫፉም ይድረሰው። በየደቂቃው ብርሃን ላይ እዩት። ሽርፎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። የመጨረሻው ጥልቅ ሽርፍ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ሲቀር አቁሙ፤ ቀሪው በሚቀጥለው ሥራ ይጠፋል። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሽርፍ በድንጋይ ብቻ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለውን ሞረድ የሚይዘው ከሆነ በሞረድ ጀምሩለት። ቢላውን ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ የብረት መቆንጠጫ) ላይ በሁለት እንጨት መሐል አጣብቃችሁ ሞረዱን በአፉ ርዝመት ግፉት።

ከዚያ በላይ ከሆነ ግራይንደር፣ በኤሌክትሪክ የሚዞረው ድንጋይ፣ ያምራችኋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁልኝ። አንድ ጊዜ ጥሩ ካርቦን ቢላ ይዤ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ በግራይንደር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "ያው" ብሎ ሰጠኝ። አፉ ሰማያዊ ሆኗል። ቤት ወስጄ ሳልኩት፣ ጥሩ ቆረጠ፤ በማግስቱ ዶለዶመ። እንደገና ሳልኩት፣ እንደገና ዶለዶመ። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ቢላ ሲሠራ ግሎ ይነከርና ይጠነክራል፤ ከዚያ በመጠነኛ ሙቀት ጥቂት እንዲለዝብ ይደረጋል። ከዚያ መጠን በላይ ከሞቀ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝም አይመለስም። ካርቦን ብረት 200 ዲግሪ ሴልሺየስን አለፍ ሲል ገለባ መሳይ ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊ ሲሆን ወደ 300 ገደማ ደርሷል። ቀጭኑ አፍ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ስለዚህ ግራይንደር የግድ ከሆነ አጠገባችሁ ባልዲ ውሃ ይኑር። ባዶ እጃችሁን ከአፉ ራቅ አድርጋችሁ ጎኑ ላይ አሳርፉ። አንድ ጊዜ አሳልፉ፣ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ እንደገና አሳልፉ። ጣታችሁ ሙቀት ከተሰማው ዘግይታችኋል። መነጽር አድርጉ፤ የእሳት ብልጭታው ዓይን ያጠፋል። ጓንት ግን አታድርጉ፤ የሚዞረው ድንጋይ ጨርቁን ከያዘው እጃችሁን ይስባል። የመጨረሻውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ለእጅ ድንጋይ ተዉለት። ቀድሞ ሰማያዊ የሆነ ቢላ ከገጠማችሁ ሰማያዊውን ክፍል በሙሉ በድንጋይ በልታችሁ ማውጣት ነው። ወይም እንደገና አግሎ የሚነክረው ብረት ቀጥቃጭ ጋ መውሰድ ነው። ያ ሙያ ክቡር ሙያ ነው፤ እሳቱን በዓይኑ ለክቶ የሚሠራ ሰው ስታገኙ ወዳጅ አድርጉት።

ጫፉ የተሰበረ ከሆነ

አዲሱን ጫፍ ከጀርባው በኩል አውጡት። ከተሰበረው ቦታ ወደ እጀታው ፈቀቅ ብላችሁ ከጀርባው ተነሱና ወደ ታች የሚያዘነብል መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ስብራቱ ጋ አፉ ላይ ሄዶ ይገናኝ። ከመስመሩ በላይ ያለውን ጀርባ በሞረድ ወይም በሸካራ ድንጋይ አንሱ። አፉን አትንኩት። የእናቴ ቢላ በዚህ መንገድ ጫፉ ተመልሶለታል፤ ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር አጥሯል፣ ግን ሲያዩት ከፋብሪካ እንደዚያ ሆኖ የመጣ ይመስላል። ጫፍ በጣም ቀጭን ስለሆነ በግራይንደር ቶሎ ይቃጠላል። በእጅ ሥሩት።

ማሳሳት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ቢላ ከጀርባው ወደ አፉ እየሳሳ ይሄዳል። 2 ሚሊ ሜትር ከአፉ ካነሳችሁ አሁን ያላችሁት ወፍራሙ ክፍል ላይ ነው። እንደዚሁ ብትስሉት ፀጉር ሊላጭ ይችላል፤ ድንች ውስጥ ግን እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይፈነክተዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ስለዚህ ቢላውን ሸካራው ድንጋይ ላይ ልታስተኙት ምንም ያህል አይቅር። ጀርባው ከድንጋዩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል። ሁለት ጣቶቻችሁን አፉ አካባቢ ጎኑ ላይ አሳርፉና እየተጫናችሁ ፈትጉ። አንዱን ጎን 50 ጊዜ፣ ከዚያ ሌላውን 50 ጊዜ። እኩል ካልሆነ ቢላው ሲቆርጥ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ጎኑ ይጫጫራል። ይጫጫር፤ በኋላ በ400 እና በ1000 ወረቀት ታለሰልሱታላችሁ። ውፍረቱን በባንክ ካርድ አወዳድሩት። ካርዱ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ የካርዱን ግማሽ ያህል ከሆነ ለሽንኩርትና ለሥጋ ደርሷል። አጥንት የሚመታበት ቢላ ከሆነ ግን ወፈር ይበል፤ ካሳሳችሁት ሳምንት ሳይቆይ ይሸረፋል።

ይህ ሥራ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ቡና ሲፈላ ነው የምቀመጥበት፤ አቦል ላይ ጀምሬ በረካው ሲጠጣ አንዱ ጎን ያልቃል።

አሁን ስለት ማውጣት

ጀርባውን ምን ያህል ከፍ እናድርግ? ቢላው ላይ ከጀርባ እስከ አፍ ያለውን ስፋት ለኩ። ከአሥር እጅ ሦስቱን ውሰዱ። 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጀርባው 1.2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ይህ ወደ 17 ዲግሪ ይሆናል። ለሽንኩርት፣ ለጎመን፣ ለቁርጥ ሥጋ ልክ ነው። ለአጥንትና ለጠንካራ ሥራ ከ4 ሳንቲ ሜትሩ 1.7 ያህል ከፍ አድርጉ፤ ወደ 25 ዲግሪ ይመጣል። መለኪያ ከሌላችሁ የወረቀት ማዕዘን ውሰዱ። አንድ ጊዜ ግማሹን ስታጥፉት 45 ዲግሪ፣ ሁለተኛ ስታጥፉት 22 ተኩል ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ማለት ነው።

የአፉን ሁለቱንም ጎን በማርከር ቀቡት። ሸካራው ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ሳሉና እዩ። ቀለሙ አፉ ጫፍ ላይ ካልጠፋ ጀርባውን ገና ከፍ አድርጉ። አፉ ላይ ብቻ ከጠፋና ከላይ ካልተነካ በጣም ከፍ አድርጋችኋል። እጃችሁ ልኩን ሲይዝ አትለዋውጡት። የሁሉም ጀማሪ ችግር እጁ መወዛወዙ ነው። ክንዳችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ በትከሻችሁ ግፉ።

ሽርፉን ስታነሱ አፉ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ መስመር ትታችኋል። አንዱን ጎን ስትስሉ መስመሩ ይቀጥናል። ሌላውን ስትስሉ ይበልጥ ይቀጥናል። እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። መስመሩ ሲጠፋ ሁለቱ ጎኖች ተገናኙ ማለት ነው። ወዲያው ከጎኑ በኩል፣ ከጀርባው ወደ አፉ በአውራ ጣታችሁ ዳሰስ አድርጉ። በአፉ ርዝመት አትሂዱ፣ ይቆርጣችኋል። ከሳላችሁበት በተቃራኒው ጎን ሸካራ የሆነ ቀጭን የብረት ልጣጭ ይሰማችኋል። ይህ ልጣጭ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ መሰማት አለበት። የማይሰማበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ አፉ ገና አልተገናኘም። ልጣጩ ሳይወጣ ወደ ለስላሳው ድንጋይ አትለፉ። የማይቆርጥ ቢላ ይዘው የሚመጡልኝ ብዙዎቹ እዚህ ጋ የተቻኮሉ ናቸው።

ለስላሳው ድንጋይ ላይ ያንኑ ከፍታ ጠብቃችሁ አሁን ቀለል አድርጉ። 20 ጊዜ በአንዱ፣ 20 በሌላው፣ ከዚያ 10 በ10፣ ከዚያ 5 በ5፣ ከዚያ አንድ በአንድ። ግፊታችሁ እየቀነሰ መጨረሻ ላይ የቢላው ክብደት ብቻ ይቅር። ልጣጩ ካልተነሳ ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ይቀራል። ያ ቢላ አሁን ስል ይመስላል፣ ሁለት ሽንኩርት ከከተፈ በኋላ ግን ይደነዝዛል።

ማጠናቀቂያው የሲኒ ቂጥ ነው። ሲኒ ከሥሩ ቀለም ያልነካው ሻካራ ቀለበት አለው፤ ያ ቀለበት በጣም ደቃቅ መሳያ ነው። ሲኒውን እርጥብ ጨርቅ ላይ ድፉትና ቢላውን በዚያው ከፍታ እያፈራረቃችሁ አምስት አምስት ጊዜ አሳልፉ፤ በቀስታ። በመጨረሻ የቆዳ ቀበቶውን በውስጠኛው ገጽ ዘርጉትና ቢላውን ወደ ጀርባው አቅጣጫ እየሳባችሁ አሥር አሥር ጊዜ ጥረጉት። ሉካንዳ ቤት ሁለት ቢላ እርስ በርስ ሲያፋጩ አይታችሁ ይሆናል። ያ የታጠፈውን ስለት ለጊዜው ያቀናል። ለደህና ቢላ ይጠቅማል፤ ሸራፋን ግን አያድንም።

በበሰለ ቲማቲም ሞክሩት። ሳትጫኑ፣ በክብደቱ ብቻ ልጣጩን ከበጣው ጨርሳችኋል። ከዚያ ሽንኩርት ክተፉበት። ደነዝ ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፤ በተጨፈለቀ ቁጥር የሚያስለቅሰው ነገር ይበዛል። ስል ቢላ ያንን በደንብ ይቀንሰዋል። እናቴ ይህንን ስነግራት አላመነችም፤ ለበዓል አንድ መዘፍዘፊያ ሽንኩርት ከከተፈች በኋላ ግን የጎረቤቶቿን ቢላ እሷው ራሷ ትሰበስብልኝ ጀመር።

እጀታው

ሁለት ዓይነት አለ። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚዘልቅና በምስማር የተያዘ፣ ወይም ቀጭን ጅራቱ ብቻ እንጨት ውስጥ የተቀረቀረ። የተቀረቀረው ከላላ አውጡት፣ ጅራቱን ከዝገት አጽዱ፣ ቀዳዳውን አድርቁ፣ ኢፖክሲ ሙጫ ሞልታችሁ መልሱትና ሙሉ ቀን አትንኩት። የተቃጠለ ወይም የበሰበሰ እንጨት ከሆነ ቀይሩት። ወይራ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ውሃም ቶሎ አይገባውም። ሁለት ቁራጭ ጠፍጣፋ ወይራ በብረቱ ግራና ቀኝ በኢፖክሲ ለጥፉ፤ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ሰርስራችሁ የነሐስ ወይም የመዳብ ዘንግ አስገቡና ጫፎቹን በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ደብድቧቸው። ከዚያ በወረቀት አለስልሱት። ይህን ሁሉ ስትሠሩ አፉ በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል።

እንጨቱን የተልባ ዘይት ብትቀቡት ይጠጣውና ይደርቃል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ ሊቃጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

ከዚያ በኋላ

ሽንኩርት በትሪ ወይም በሳህን ላይ አትክተፉ። ብረትና ሸክላ ስለቱን በአንድ ቀን ያዶለዱሙታል። የእንጨት መክተፊያ ይሁን። ዶሮ ስትበልቱ 12ቱም ብልት የሚወጣው በመገጣጠሚያው ነው፤ መገጣጠሚያውን በጣት ፈልጋችሁ በመሐሉ እለፉ እንጂ አጥንቱን አትምቱ። ከሚመጡልኝ ሸራፋ ቢላዎች ብዙዎቹ የዶሮ አጥንት የመታቸው ናቸው። ቆርቆሮ መክፈቻና የእንጨት መሰንጠቂያ ደግሞ ለየብቻ ይኑራችሁ።

ካርቦን ቢላ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ ስስ ዘይት ይቀባል። የኑግ ዘይት አትቀቡት፤ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያና ሹካ ጋር አታንጋጉት፤ ካርቶን አጥፋችሁ ሰገባ ሥሩለት። በየሁለት ሳምንቱ የሲኒውን ቂጥና ቀበቶውን ካሳያችሁት ወደ ሸካራው ድንጋይ የምትመለሱት በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ነው። እኔ የእናቴን ቢላ አረፋ ሳምንት ሲቀረው ከጎረቤቶቹ ጋር አብሬ እስለዋለሁ።